ባለ ክንድ የእንፋሎት ሞተር በቤት ውስጥ፦ ለደብረ ብርሃኑ ጠያቂ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቴክኒክና ሙያ ጨርሼ አንድ ቶርኖ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ባለቤቱ ማታ ማታ ማሽኑን ለራሴ እንድጠቀም ፈቅዶልኛል። ያን ክንዱ ከላይ እየተወዛወዘ ጎማ የሚያዞረውን የድሮ የእንፋሎት ሞተር በትንሹ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? ለቦይለር አሮጌ የቡታጋዝ ሲሊንደር ይሆነኛል? ደግሞ እዚህ ከፍታ ላይ እንፋሎት ጉልበት የለውም ይሉኛል፤ እውነት ነው?»

መጀመሪያ ስለ ቡታጋዙ ልመልስልህ። ሌላውን ሳታነብ ብትሄድ እንኳ ይህችን ይዘህ ሂድ። አይሆንም፤ አትንካው። ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግርሃለሁ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ይህን ሞተር ለመረዳት መጽሐፍ ከመግለጥህ በፊት በረንዳ ላይ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ጋ ሂድና ለአምስት ደቂቃ እግሩን እይ። መርገጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ከመርገጫው አንድ ዘንግ ወጥቶ ትልቁን ጎማ ያዞራል። የአንተም ሞተር ይኸው ነው። እግሩ በሚረግጥበት ቦታ ፒስቶን ይገባል፤ መርገጫው ደግሞ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ክንድ ይሆናል። ልብስ ሰፊው ሲጀምር ጎማውን በእጁ ለምን ገፋ እንደሚያደርገው ልብ ብለሃል? ዘንጉና ክራንኩ (ዘንጉ ጎማውን የሚያዞርበት፣ ከመሐሉ ወጣ ያለው እጀታ) አንድ መስመር ላይ ቀጥ ብለው ሲቆሙ፣ የቱንም ያህል ብትረግጥ ጎማው አይዞርም። ሙት ነጥብ የምንለው እሱን ነው። ከዚያ ነጥብ የሚያሻግርህ የጎማው ክብደት ነው። የአንተም ሞተር ቮላኖ፣ ማለትም ከባድ ጎማ፣ የሚያስፈልገው ለዚሁ ነው። የቆየ የስፌት መኪና የእጅ ጎማ ካገኘህ ለመጀመሪያ ሞዴል ግሩም ቮላኖ ይወጣዋል። ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ጠርዙም ከበድ ይላል።

ይህ ሞተር ረጅም ታሪክ አለው። እንግሊዛዊው ቶማስ ኒውኮመን በ1712 በፈረንጆች አቆጣጠር የመጀመሪያውን ሲያቆም፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሃ ለማውጣት ነበር። ፒስቶኑ ከክንዱ ጋር የተገናኘው በሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ይጎትታል እንጂ አይገፋም። በኋላ ጄምስ ዋት እንፋሎቱን ከላይም ከታችም አስገብቶ በሁለቱም በኩል ሥራ ለማስወጣት ሲፈልግ ሰንሰለቱ አልሆነለትም። ዘንግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ችግር መጣ። የፒስቶን ዘንግ በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። የክንዱ ጫፍ ግን ቅስት እየሠራ ነው የሚሄደው። ሁለቱን ዝም ብለህ ብታስራቸው ዘንጉ ይጎብጣል ወይም ይነክሳል። ዋት በ1784 በጥቂት አጫጭር ዘንጎች አጣምሮ ጫፉን ቀጥ አድርጎ የሚያስኬድ ዘዴ አገኘ። በኋላ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ከፈጠራዎቹ ሁሉ ይበልጥ የሚኮራው በዚህኛው መሆኑን ነግሮታል። የእንፋሎት ሞተርን ያን ያህል ያሻሻለ ሰው የኮራው በቀጥታ መስመር ነው።

እኔም የመጀመሪያዬን ስሠራ ያልገባኝ ይኸው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ክንዱን ሳሳምር ከረምኩ። በሞረድ ቀረጽኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ እንደ መስተዋት አበራሁት። ምሰሶውን ግን በዓይን ግምት በሳሁት። ከሚገባው 2 ሚሊ ያህል ስቶ ነበር። ሞተሩ አንድ ሁለት ዙር ይዞርና ቀጥ ይላል። ስፈታው የፒስቶኑ ዘንግ በአንድ ጎኑ ተፍቆ አገኘሁት። ስለዚህ ቀልብህን ሁሉ መስመሩ ላይ አድርግ። ክንዱን ከፈለግህ በኋላ ታሳምረዋለህ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የዋትን ዘዴ አትሞክር እላለሁ። ዘዴው ውብ ነው፤ ግን ብዙ ፒን አለው፤ እያንዳንዱ ፒን ትንሽ ትንሽ ቢላላ ተደምሮ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል። በእሱ ፈንታ የፒስቶኑን ዘንግ ጫፍ በሁለት ቀጥ ያሉ መሪ ዘንጎች መሐል አስኪደው። ከዚያ ጫፍ ወደ ክንዱ አጭር ማገናኛ አድርግ። ቅስቱን ማገናኛው ይውጥልሃል።

ልኬት ልስጥህ። የሲሊንደሩ ቀዳዳ 20 ሚሊ፣ የፒስቶኑ ጉዞ 30 ሚሊ ይሁን። ክንዱ ከእምብርቱ (ከሚወዛወዝበት ፒን) ወደ ሁለቱም ጫፍ 80 ሚሊ፣ በጠቅላላው 160 ሚሊ ይሁን። ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሆኑ ክራንኩ የጉዞውን ግማሽ፣ 15 ሚሊ ይወጣል። ቢዬላው፣ ማለትም ክንዱን ከክራንኩ የሚያገናኘው ዘንግ፣ 120 ሚሊ ቢሆን ጥሩ ነው። ቮላኖህ 140 ሚሊ ከሆነ የክራንኩን ዘንግ ከመሠረቱ 75 ሚሊ ከፍ አድርገው። ያኔ የክንዱ እምብርት ከመሠረቱ 195 ሚሊ ላይ ይውላል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ክንዱ አግድም ሲሆን ጫፉ ከእምብርቱ 80 ሚሊ ይርቃል። 15 ሚሊ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲሄድ ግን ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ርቀቱ 78.6 ሚሊ ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው ሲሊንደሩን 80 ላይ ይተክላል፤ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይከማችበታል። አንተ መሐሉን ያዝ፦ 79.3 ሚሊ። የሲሊንደሩም መስመር የክራንኩም ዘንግ ከእምብርቱ 79.3 ላይ ይቁሙ። ያኔ ጫፉ ወደ ውጭ 0.7፣ ወደ ውስጥ 0.7 ብቻ ይሄዳል። ማገናኛህ 40 ሚሊ ከሆነ የሚያዘነብለው 1 ዲግሪ ብቻ ነው። እንፋሎቱ በ1 ባር ግፊት ፒስቶኑን የሚገፋው 3 ኪሎ በሚያህል ኃይል ነው። ከዚያ ውስጥ በመሪ ዘንጎቹ ላይ ወደ ጎን የሚያርፈው የአንድ እንቁላል ክብደት ቢሆን ነው። እኔ በሳትኩት ዓይነት አቀማመጥ ግን ወደ ጎን የሚገፋው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ለዚያ ነው ዘንጌን የበላው።

ይህን ልኬት በዓይን አታገኘውም። የምሰሶውን ሁለት ሳንቃዎች አንድ ላይ በሞርሳ አጥብቀህ በአንድ ጊዜ ብሳቸው። የክንዱንም ሁለት ላሜራዎች እንዲሁ። ለ6 ሚሊ ፒን መጀመሪያ በ5.8 ፑንታ ብሳና በሪመር (ቀዳዳውን ክብ አድርጎ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ጨርሰው። ትራፓኖ ብቻውን ክብ ቀዳዳ አይሰጥህም። መሠረቱን ከ10 ሚሊ ብረት ሥራው። ሰዎች ወይራና ጽድ ላይ ሲሠሩ አይቻለሁ፤ ያምራል። ግን ከበጋ ወደ ክረምት እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፤ 79.3 የነበረው ሌላ ይሆናል። እንጨቱን ከብረቱ ስር ለጌጥ አድርገው።

ዕቃ ከየት? ለሲሊንደሩ ከከባድ መኪና የወጣ ወፍራም የነሐስ ቡኮላ ፈልግ። አዲስ አበባና ደሴን የሚያገናኘው መንገድ በከተማህ መሐል ነው የሚያልፈው፤ ጋራዦቹ ደጃፍ የተጣለ ነገር አይጠፋም። ለፒስቶኑ ዘንግና ለመሪዎቹ የሞተ ፕሪንተር ወይም ፎቶ ኮፒ ማሽን ፍታ። ውስጡ ያሉት ዘንጎች ቀጥ ያሉና የተሞረዱ ናቸው፤ አንተ በቶርኖ ያን ያህል ለማስተካከል ትደክማለህ። ለሽፋኖቹ ማሸጊያ በዘይት የተነከረ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይበቃል። ዘንጉ በሽፋኑ በኩል የሚወጣበትን በቴፍሎን ድፈነው፤ ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ ገዝተህ እንደ ክር ጠምዝዘህ ጠቅጥቀው። የድሮዎቹ በሞራ የተነከረ ቃጫ ነበር የሚጠቀሙት። ለፒስቶኑም በዙሪያው ቦይ አውጥተህ በዘይት የራሰ የጥጥ ክር ጠምጥምበት። ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ለመሥራት አትጨነቅ፤ ለዚህ ግፊት ክሩ ይበቃል።

የምታየው ንድፍ የእንግሊዞች ከሆነ በኢንች ነው የሚሆነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ነው። እያንዳንዱን ልኬት ከመቀየር ይልቅ ንድፉን እንደ ሐሳብ ተጠቅመህ በሚሊ እንደገና ሣለው። ቡሎኖቹንም ባለ 3 እና ባለ 4 ሚሊ አድርጋቸው። የእነሱ ጥርስ እዚህ ገበያ የለም።

ቫልቩ ላይ ረጋ በል። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው። እንፋሎቱ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባባቸው ሁለት መስኮቶች አሉ፤ አንዱ ወደ ላይኛው ጫፍ፣ ሌላው ወደ ታችኛው ይወስዳል። በመሐላቸው ያገለገለው እንፋሎት የሚወጣበት መስኮት አለ። በላያቸው ከሥሩ የተቦረቦረ ትንሽ የነሐስ ሳጥን ይንሸራተታል። የእንፋሎቱን መስኮቶች ስፋት 2 ሚሊ፣ በየመሐሉ ያለውን ግድግዳ 2 ሚሊ፣ የመውጫውን 4 ሚሊ አድርግ። ከጫፍ ጫፍ 12 ሚሊ ይመጣል። ተንሸራታቹን 12.5 ሚሊ አድርገህ ውስጡን 8 ሚሊ ቦርቡረው። ጉዞው 4.5 ሚሊ ነው፤ ስለዚህ ኤክሰንትሪኩ፣ ማለትም በክራንኩ ዘንግ ላይ ተሰክቶ ተንሸራታቹን ወዲህና ወዲያ የሚያስኬደው ክብ ብረት፣ ከመሐሉ 2.25 ሚሊ ይዛነፋል። የተንሸራታቹንና የመቀመጫውን ፊት መስተዋት ላይ በተለጠፈ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እሻቸው። እዚያ ላይ የቀረ ጭረት እድሜ ልክ ያፏጫል።

ኤክሰንትሪኩን ከክራንኩ 90 ዲግሪና ትንሽ አስቀድመው የሚል ደንብ ታነባለህ። ደንቡ የተጻፈው ክንድ ለሌለው ሞተር ነው። በአንተ ሞተር ክንዱ እንቅስቃሴውን ይገለብጠዋል፤ ፒስቶኑ ሲወርድ ክራንኩ ይወጣል። ደንቡን አምነህ ብታጣብቀው ሞተሩ ወደማትፈልገው አቅጣጫ ይዞራል፤ ወይም ጭራሹን አይዞርም። እኔ የማደርገው ይኸውልህ። ኤክሰንትሪኩን በአንዲት ትንሽ ቪቴ ብቻ ያዘው። የቫልቩን ክዳን ክፈት። ቮላኖውን በእጅህ አዙረህ ፒስቶኑን ላይኛው ጫፍ ላይ አቁመው። በምትፈልገው አቅጣጫ ትንሽ ስታዞረው የላይኛው መስኮት እንደ ፀጉር ስንጥቅ መከፈት መጀመር አለበት። ካልሆነ ቪቴውን አላልተህ ኤክሰንትሪኩን አዙረው። ከዚያ ታችኛው ጫፍ ላይ ድገመው። ሁለቱ እኩል ካልተከፈቱ የቫልቩን ዘንግ አሳጥር ወይም አርዝም። አንድ ሙሉ ምሽት ይፈጃል፤ ግን በዓይንህ ስለምታየው ከዚያ በኋላ የማንም ደንብ አያስፈልግህም።

ስለ ከፍታው የጠየቅኸውን ወድጄዋለሁ። የሚሉህ ሰዎች ግማሽ እውነት ይዘዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት 0.72 ባር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ግን 1.01 ባር ነው። ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ90 እና በ91 ዲግሪ መሐል ነው። ወደ ሸዋ ሮቢት ብትወርድ 95 ወይም 96 ይሆናል። የእናቶቻችን ንፍሮ ደብረ ብርሃን ላይ እሳት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ላይ ያለው ውጤት ግን እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። የኒውኮመን ሞተር የሚሠራው እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውሃ አጥፍቶ ባዶ ቦታ በመፍጠር ነው። ፒስቶኑን ወደ ታች የሚገፋው ከላይ ያለው አየር ነው። ያ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ቢተከል ከጉልበቱ ወደ 30 በመቶ ይጎድልበት ነበር፤ የሚገፋው አየር ራሱ ስስ ነው። አንተ የምትሠራው ግን በግፊት የሚሠራውን ነው። በፒስቶኑ አንድ በኩል እንፋሎት አለ፤ በሌላው በኩል የከተማው አየር አለ። የግፊት መለኪያው ጌጅ የሚያነብልህ የሁለቱን ልዩነት ነው። ጌጁ 1 ባር ካለ፣ ደብረ ብርሃንም ይሁን ጅቡቲ ግፊቱ ያው 1 ባር ነው። በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ውሃው በዚያ ግፊት 115 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ አትስጋ። የሚጎዳህ እሳቱ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የጋዝ ምድጃው ነበልባል ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ያወጣል፤ የአየር ማስገቢያውን ሰፋ አድርገው።

ከፍታው ካመጣብህ ነገር ይበልጥ ብርዱን ፍራ። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት፣ ውርጩ ሳይገፈፍ ሞተሩን ብታስነሳው እንፋሎቱ ሲሊንደሩን ሲነካ ውሃ ይሆናል። ውሃ አይታመቅም። ፒስቶኑ ከሽፋኑ ጋር ሲገናኝ መሐሉ የቀረው ውሃ ሽፋኑን ይሰነጥቃል ወይም ዘንጉን ያጎብጣል። ከላይም ከታችም 1 ሚሊ ክፍተት ተው። ከሲሊንደሩ ሁለት ጫፍ ትንንሽ ማፍሰሻ ቧንቧ አውጣ። መጀመሪያ ክፍት አድርገህ ሞተሩን በእጅህ እያዞርክ አሙቀው፤ ደረቅ እንፋሎት መውጣት ሲጀምር ዝጋቸው።

ግን ይህ ሁሉ ኋላ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በእንፋሎት አይሁን። ሞተርህን ተሸክመህ ጎሚስታ ጋ ሂድ። ኮምፕረሰሩ 6 ወይም 8 ባር አለው፤ ያን በቀጥታ እንዳትሰጠው። ግፊት መቀነሻ አድርገህ ከ1 ባር ጀምር። በደንብ ዘይት ቀብተው። መዞር ከጀመረ ግፊቱን ቀስ በቀስ ቀንስ። በ0.3 ባር ሳይንገጫገጭ ቀስ ብሎ ከዞረ መስመርህ ልክ ነው። 1 ባር ላይ ብቻ የሚሮጥ ከሆነ አንድ ቦታ እየነከሰ ነው፤ ወደ ምሰሶው ተመለስ። እኔ ሁለተኛውን ሞተሬን ጎሚስታ ቤት ሳስነሳው አንድ ሽማግሌ ቆመው አዩትና «ይኼማ ባቡር ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ከሚለው የፈረንጅ ቃል ነው የመጣው። ገጠር ወፍጮውን ባቡር የምንለው፣ በምኒልክ ዘመን የሰርኪስ ባቡር የተባለው የእንፋሎት መኪና፣ ሁሉም ከዚያ የወጡ ናቸው። አየር ብቻ እያጠጣህ ዓመት ብታስዞረውም ሞተርህ ሙሉ ሞተር ነው።

አሁን ወደ ቦይለሩ። ሞተርህ ምን ያህል ውሃ እንደሚጠጣ እንይ። በደቂቃ 150 ዙር ቢዞር፣ በብርድ የሚባክነውን ጨምረህ፣ በደቂቃ 8 ግራም ገደማ ይፈጃል። በዘጠኝ ደቂቃ አንድ ሲኒ ቡና ማለት ነው። የቡታጋዝ ሲሊንደር ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል። ለአንድ ሲኒ ብለህ ያን ያህል የጋለ ውሃ በግፊት ውስጥ ማኖር ምን ይሉታል? ቦይለር ሲፈነዳ የሚገድለው ከላይ ያለው እንፋሎት ብቻ አይደለም። ከመፍላት በላይ የጋለው ውሃ በአንድ ቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። ባሕር ጠለል ላይ አንድ ሊትር ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይወጣዋል። በዚያ ላይ የአሮጌውን ሲሊንደር ውስጡን ዝገት ምን ያህል እንደበላው አታይም። ውስጡ የቀረች ጋዝም ብየዳ ሲነካት ትፈነዳለች። የእሳት ማጥፊያ ቆርቆሮም ያው ነው። የግፊት ድስትንም አትብሳ፤ ክብደቷንም አትድፈን።

እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ትንሽ የመዳብ ቦይለር በስታኞ አጣበቅሁ። ስታኞ በ183 ዲግሪ ይቀልጣል። ውሃው አለቀ፣ እኔ አላየሁም፣ መጋጠሚያው ተከፍቶ የፈላ ውሃ እጄ ላይ ረጨ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ስለዚህ ቦይለሩን ወደኋላ አቆየው። ጊዜው ሲደርስ ወፍራም የመዳብ ቧንቧ ወስደህ ከ600 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ የብር ዘንግ ታስበይደዋለህ፤ ይህን ሥራ በደንብ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሁነህ። ውሃ የሚነካቸውን መጋጠሚያዎች ከቢጫው ነሐስ አትሥራ፤ ዚንኩ ይበላል፤ ቀላ ያለውን፣ ቆርቆሮ ያለበትን ነሐስ ፈልግ። ሴፍቲ ቫልቭ፣ ጌጅ፣ የውሃ ማያ መስተዋት ሦስቱም ይኑሩት። አንዱ ከጎደለ እሳት አይነካውም። ከዚያ ውስጡን በቀዝቃዛ ውሃ ሙላው፤ አንዲት አረፋ አየር እንዳትቀር። በእጅ ፓምፕ ከምትሠራበት ግፊት እጥፍ አድርሰው፤ በ1 ባር ልትሠራ ከሆነ 2 ባር። በውሃ የሚሞከረው ቢቀደድ ጠብ ብሎ ስለሚቆም ነው። በአየር ከሞከርከው ግን ቦምብ ሠርተሃል ማለት ነው።

ለአሁን ግን አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ሳንቃዎቹን ቁረጥ፤ መስመሮቹን በመርፌ ጭረህ አሳይ፤ አትብሳ። ከእምብርቱ እስከ ሲሊንደሩ መስመር ያለውን፣ ከእምብርቱ እስከ ክራንኩ ዘንግ ያለውን፣ ሁለቱንም በካሊፐር ለክተህ ፎቶውን ላክልኝ። 79.3 ካልሆነ አብረን እናስተካክለዋለን።